ለሠርግ የተዘፈነ ለቅሶ

ባለ አዳራሿ ክፉ ሴት አይደለችም የሚል ሰው ካለ ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብና ከዚያ በኋላ እንከራከራለን። ሰዎች «ለልጇ ስትል ነው» ይላሉ። ለልጇ ስትል! የሰው ልጅስ ልጅ አይደለችም?

ልጅቷን ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋ ይላታል። ከፎቁ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ የስፌት መኪናና በአንድ የካውያ ጠረጴዛ መሀል ወገቧን እያጠፈች ትውላለች። የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። አያቷን ደግሞ ትልቁም ትንሹም «እማማ» ነው የሚላት። እማማ አልቃሽ ናት። ድሮ ለሠርግም ትጠራ ነበር፤ ኪቦርድ የሚባለው ነገር ከመጣ ወዲህ ግን የሚፈልጋት ሐዘን የገባበት ቤት ብቻ ነው።

እማማ ለቅሶ ቤት ገብታ እንደ ደረሰች አፏን አትከፍትም። መጀመሪያ ከሟች ሰዎች ጋር ጥግ ይዛ ትቀመጥና ትጠይቃለች። እጁ ምን ይሠራ ነበር? ሲቆጣ ማንን ይጠራ ነበር? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ሄደ? ከዚያ ነው ግጥሙን የምታወጣው። ለአንዱ ያወጣችውን ለሌላ ሰው አትደግመውም፤ አንዴ ለሟች የተሰጠ ዜማ የሟች ነው ትላለች። ዳግመኛ የሚሰማው የሟች የቅርብ ሰው ተቀምጦ «በይ እማማ» ካላት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ሌሎቹ አልቃሾች እንኳ የእሷን ለቅሶ በአፋቸው አያዞሩትም።

ልብስ ሰፊዋ የምትወደው ሰው ሬድዮ ጣቢያ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነው። ሁለት ቤት አልፎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ስለሚሰማ ጓደኞቹ «ጆሮ» አሉት፣ እሷም በዚያው ጠራችው። መጀመሪያ የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነበር። ሱሪው አለቀለት፤ እሱ ግን ሰበብ አጥቶ ያንኑ ሱሪ ደግሞ «ትንሽ ይጠር» እያለ ሲመላለስ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ተራቆተ። «ጌታው፣ ከዚህ በላይ ካጠረ ቁምጣ ነው የሚሆነው» ስትለው ጊዜ ሳቀና፣ እንግዲያው ያለ ሱሪም ልምጣ ብሎ ጠየቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ደም መሰለ። እሷም በዚያች ቅጽበት ወደደችው፣ ምን ትሁን።

እናቱ ባለ አዳራሿ ናት። በከተማው ትልቁ የሠርግ አዳራሽ የእሷ ነው። የልጇን ነገር ስትሰማ ያለችው እንዲህ ነው፦ «የአልቃሽ የልጅ ልጅ ቤቴ አትገባም። እኔ የደስታ ቤት ነው ያለኝ፣ ሙሾ አውራጅ አላዛምድም።» ባሏ የሞተ ዕለት ግን መኪና ልካ ያስመጣችው ማንን ነበር? እማማን። ያኔ እማማ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ፣ ስለ ባሏ አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ግጥም አወጣችለት። ለሐዘን ሲሆን በመኪና፣ ለዝምድና ሲሆን በሩ ዝግ።

ጆሮ ተስፋ አልቆረጠም። የእማማ ድምፅ ከእማማ ጋር እንዳይቀበር ብሎ መቅረጫውን እየያዘ ከሰዓት በኋላ እየመጣ፣ አሮጊቷ በፈቀደችው ልክ ዜማዎቿን ይቀዳ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ያልደፈረችውን ነገር ደፈረች። እናቷ እሷን በወለደች በሳምንቱ ነው የሞተችው። እማማ ለልጇ ያወጣችውን ለቅሶ ጎረቤት ሲያወራው እንጂ ዜማውን ራሷ ሰምታው አታውቅም። መቀሷን አስቀመጠችና «በይ እማማ» አለች። እማማ ጀመረች።

ጠርዙን ሳትዘመዝሚ የጀመርሽው ቀሚስ፣
ማን ይጨርሰዋል ልጅሽ እስክትደርስ።
ክሩ ከነመርፌው ተሰክቶ ቀረ፣
እጅሽ የት ሄደና ቤቱ ተቸገረ።

ሲያልቅ ጆሮ ዓይኑን እየጠረገ «ይህንን ላጥፋው ወይስ ይቀመጥ?» አለ። «ለኔ ይቀመጥልኝ» አለችው። ለኔ ነው ያለችው። እሱም ገብቶት ነበር።

ከዚያ የጆሮ ታላቅ እህት ልታገባ ሆነ። ባለ አዳራሿ በገዛ እግሯ ከደረጃው ሥር መጣችና የሙሽራዋን ቀሚስ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠች። ሥራውን መርምራ መርምራ እንከን ስታጣ «እጅሽ መልካም ነው» አለች፤ ከዚያ እየወጣች በሩ ላይ ዞር ብላ «ለሠርጉ አያትሽንም ይዘሻቸው ነይ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን መርፌ መሰካት አቃታት። አያትሽንም ይዘሻቸው ነይ! ይህ እሺ ማለት ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ለእማማ አዲስ ነጠላ ገዛችላት፣ ጫማዋን አስወለወለች። እማማ «የሰው ሠርግ ላይ አሮጊት ምን ይሠራል?» እያለች ብታጉረመርምም ደስ ብሏት ነበር። ምስኪን፣ ደስ ብሏት ነበር።

በሠርጉ ቀን ያስቀመጧቸው ኩሽናው በር አጠገብ፣ ከዓምዱ ጀርባ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ይመጣል፣ አስተናጋጆቹ ሰሐን ተሸክመው ሲያልፉ የእማማን ወንበር ይገፉታል። ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱ ነገር ድንገት ቢያስቸግር ብላ ደረቷ ላይ መርፌ ደርድራ መጥታለች። ቦታው አላስከፋትም። ከአዳራሹ ማዶ፣ ከመድረኩ ጎን ባለችው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ጆሮ ቆሟል። ዓይናቸው ሲጋጠም እሱ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ወደ እማማ ጠቆማት፣ «አየሽ፣ መጣች» የሚል ይመስላል። እሷም ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታዋን በኋላ ስታስታውሳት ራሷን በጥፊ መምታት አማራት።

መድረክ መሪው ማይኩን ነካ ነካ አደረገ። «ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ደግሞ ባለቤት የሌለው፣ ከሕዝብ የተገኘ፣ አያት ቅድመ አያቶቻችን ሲጨፍሩበት የኖሩትን ዜማ በአዲስ መልክ እናቀርብላችኋለን» አለ። ከበሮው ጀመረ። የሚያብለጨልጭ ቀሚስ የለበሰች ወጣት ዘፋኝ ወገቧን እያወዛወዘች ወደ ፊት መጣች።

ጠርዙን ሳትዘመዝሚ የጀመርሽው ቀሚስ፣
ማን ይጨርሰዋል ሙሽራው እስኪደርስ።

ሰዉ ከመቀመጫው ተነሣ። ጨዋታው ደራ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ የሙሽራው ጓደኞች እርስ በርሳቸው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው «እስኪደርስ፣ እስኪደርስ» እያሉ መዝለል ያዙ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ የምትሰማው ነገር እውነት አልመሰላትም። ዘፈኑን ታውቀዋለች፣ ግን ከየት እንደምታውቀው አእምሮዋ ሊነግራት እምቢ አለ። ከዚያ እማማን አየቻት። እማማ የያዘችው ብርጭቆ አፏ ጋ ሳይደርስ መሀል ላይ ቆሟል።

«ይቺ ልጅ» አለች እማማ ቀስ ብላ፣ «ማን ሞቶባት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ስትል ጆሮ እየተመለከታት ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ፊት አየችና ሁሉም ነገር የገባት መሰላት።

በሚጨፍረው ሰው መሀል እየተጋፋች ሳጥኗ ጋ ደረሰች።

«ሰጠሃቸው» አለችው።

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ነፋስ አመጣው?»

«ስሚኝ፣ እኔም እንዳንቺ አሁን ነው የሰማሁት። ሙዚቀኞቹን ያዘጋጀችው እናቴ ናት።»

«እናትህ ከየት አመጣችው? ያ ዜማ ያለው እማማ አፍ ውስጥና አንተ እጅ ላይ ነው። እማማ አልሰጠቻትም።»

ጆሮ ዓይኑን ሰበረ። ውሸታም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይዋሽ ነበር። «አሰማኋት» አለ። «አንድ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ። ይህን ድምፅ ሰምቶ 'እነዚህን ሰዎች አልፈልግም' የሚል ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። አለቀሰች፣ በዓይኔ አየኋት። በቃ ልቧ ራራልን ብዬ ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከኮምፒውተሬ ላይ መቼ እንደገለበጠችው አላውቅም።»

«የእናቴን ለቅሶ አማላጅ አድርገህ ላክኸው?»

«ለኛ ብዬ ነው።»

«ለኛ አትበል። እኔን ለማግባት የእናቴን ሬሳ ተሸክመህ እናትህ ደጅ ጠናህ። በቤታችን ተቀምጠህ የእማማን ወግ ሰምተሃል፣ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። 'ለኔ ይቀመጥልኝ' ስልህ ራስህን ነቅንቀህ እሺ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ» አለ። «በደልኩሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ ትሟሟ ነበር። አሁን ግን በደሉን ማመኑ ራሱ አናደዳት፤ ቢክድ በጥፊ መትታው ትገላገል ነበር፣ ሲያምን ግን ንዴቷን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች። እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው።

«ምን ሆናችኋል? ሰው እኮ እያየ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። ባለ አዳራሿ ናት። ወርቋን ደርድራ፣ ፈገግታዋን ለእንግዶቹ እያዞረች፣ ጥርሷን ሳትከፍት ነበር የምታወራው።

ልብስ ሰፊዋ «ይህን ዘፈን ከየት አመጡት?» አለቻት።

«አልወደድሽውም? እኔ እኮ ደስ ይላችኋል ብዬ ነው። ሙሾ ሆኖ ቢቀር ማን ይሰማው ነበር? ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ይሞት ነበር። ቃሉን አቃንቼ፣ ወግ አስይዤ መድረክ ላይ አወጣሁላችሁ። አያትሽንም ጠራኋቸው፣ ይስሙት ብዬ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?»

«ኩሽና በር ላይ አስቀምጠው?»

«አሮጊት ናቸው፣ መውጫው ይቀርባቸዋል ብዬ ነው» አለች ባለ አዳራሿ ዓይኗን ሳታሽ። «ደግሞ አንቺ ልጅ ነገር አታብዢ። የሕዝብ ዜማ ነው፣ ባለቤት የለውም።»

«ባለቤት አለው።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ባለ አዳራሿ ሳቅ አለች። «አንቺማ ሰፊ ነሽ» አለቻት፣ ልክ ለሕፃን ልጅ እንደሚነገረው አለሳልሳ።

ዘፈኑ አለቀ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በሳጥኗ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትርፍ ማይክ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ አነሣችው። በሕይወቷ ከአምስት ሰው በላይ ፊት ተናግራ አታውቅም፤ የእማማ የልጅ ልጅ ሆና እንኳ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከኋላ ነበር የምትቆመው፣ እውነቱን ለመናገር አልቃሽ አያት ስላላት የምታፍርባቸውም ቀኖች ነበሩ። ማይኩ ግን ዝግ ነበር። ጆሮን አየችው።

«እንዳትከፍተው» አለች እናቱ።

የጆሮ ጣት ቁልፉ ላይ ነው። እናቱን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ እና ወደ ላይ ገፋው።

«ዝጋው አልኩህ። የእህትህ ሠርግ ነው።»

«አልዘጋም እማዬ።» ድምፁ ተሰበረ። «ደሞ ቁልፉን ብትነኪ ከዚህ ቤት ወጥቼ አልመለስም።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፅዋ ከአራቱም ስፒከር ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። «እኔ የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋሁት ነኝ። ሠርጉን ልበጠብጥ አልመጣሁም፣ ተጠርቼ ነው የመጣሁት። አሁን የጨፈራችሁበት ዘፈን ለቅሶ ነው። የእናቴ ለቅሶ ነው። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቱ ነው የሞተችው፤ ለኔ ቀሚስ ጀምራልኝ ነበር፣ ጠርዙን ሳትዘመዝመው ቀረች። ግጥሙን ያወጣችው እዚያ ኩሽናው በር ጋ ያስቀመጧት እማማ ናት። ለልጇ ነው ያወጣችው። ባለቤት የለውም ተባላችሁ። ቃሉ 'ሙሽራው እስኪደርስ' አይልም። 'ልጅሽ እስክትደርስ' ነው የሚለው። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ወደ ባለ አዳራሿ ዞረች፤ ማይኩ አሁንም አፏ ላይ ነው።

«ቤታችሁ እንዳልገባ ከለከላችሁኝ፣ እሺ፣ ቤቱ የናንተ ነው። ከእናቴ ለቅሶ ውስጥ ግን እኔን አውጥታችሁ የምትጥሉት ማን ስለሆናችሁ ነው? ያለ እናት አድጌ ያለችኝ እሷ አንዲት መስመር ነበረች። እሷንም ለጭፈራ አልመች ስላለቻችሁ አነሣችኋት።»

ማይኩን አስቀመጠች። ከዚያ ያለ ማይክ፣ በሰዉ ሁሉ ላይ አሻግራ «በይ እማማ» አለች።

እማማ ወንበሯን ይዛ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ለመድረኩም ለሙሽሮቹም ዞር ሳትል፣ ለሞተችው ልጇ ብቻ የምትዘፍን ይመስል ጀመረች። ያ ድምፅ አርጅቷል፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ ትንፋሽ ሲያጥራት መሀል ላይ ያርፋል። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ እማማ ያላለቀሰችለት ቤት አልነበረም። ሥጋ ቆራጩ እናቱን አስታወሰ፣ የሙሽራው አጎት ወንድሙን አስታወሰ፣ ቅድም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የሚዘሉት ጎረምሶች እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ዘፋኟ መድረኩ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ እሷ ምን ታድርግ፣ የሰጧትን ነው የዘፈነችው። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ከመቀመጫዋ ተነሣችና እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ ለሠርጌ ለቅሶ መረጥሽልኝ?» አለቻት።

እማማ ጨርሳ በሰዉ መሀል አልፋ ስትመጣ መንገድ የማይለቅ አልነበረም። ባለ አዳራሿ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁሉም ስድብ ጠበቀ። እማማ ግን የተናገረችው እንዲህ ብቻ ነው፦

«ለባልሽ ያወጣሁትን ታስታውሻለሽ? ስንት ሰው 'እሱን ድገሚልን፣ እሱ ያምራል' ብሎ ለመነኝ። ለማንም አልሰጠሁም፣ ያንቺ ነው ብዬ። እስከ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ። አታስቢ፣ ከዛሬም በኋላ ለማንም አልሰጥም።»

ባለ አዳራሿ ወንበር ፈለገች፣ አላገኘችም። ፊቷ ላይ ያለው ነገር እፍረት ይሁን ንዴት መለየት አልተቻለም። እኔ እፍረት ይሁን እላለሁ፣ አላምንም እንጂ።

ልብስ ሰፊዋ የእማማን ክንድ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። መንገዱ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ የቆሙት መኪናዎች በአበባ ተሸልመዋል። ጆሮ ያለ ኮት እየሮጠ ደረሰባቸው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ እያለከለከ።

እማማ ቆም ብላ አየችው። «አንተ ልጅ፣ እናትህ ስትሰማው ምን ሆነች?»

«አለቀሰች።»

«እህ፣ ገብቷታላ» አለች እማማ። «ባይገባትማ ይቅር ለማለት አይቸግረኝም ነበር።» ከዚያ ክንዷን ከልጅ ልጇ እጅ አላቃ ጥቂት ቀደም ብላ መራመድ ጀመረች፤ ሁለቱን ለብቻቸው ልትተዋቸው ፈልጋ ነው።

ጆሮ እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም።

«ምን ላድርግ? ንገሪኝና ላድርገው» አላት።

«ማይኩን ከፍተሃል። አይቼሃለሁ። ግን ያ ያንን አያጠፋውም።»

«አውቃለሁ።»

«እናትህን ይዘሃት ና። ቤታችን ጠባብ ነው፣ ግን የምትቀመጥበት አናሳጣትም። ኩሽና በር ላይ አላስቀምጣትም። እማማ ፊት ተቀምጣ ያደረገችውን በአፏ ትናገር።»

«እምቢ ብትልስ?»

«አንተም አትምጣ።»

ይህን ያለው ምላሷ ነው፤ ልቧን ማንም አላማከረውም። ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ዞሮ ወደ አዳራሹ፣ ወደ እናቱ ሄደ። እርምጃው የሚያመነታ ሰው እርምጃ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ እማማ ጋ ደረሰችና ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱም መንገዱን ያዙት። ንዴቱ ገና አልበረደላትም፤ በኩሽናው በር ተናደደች፣ በዚያች በሳቅ በተባለች «ሰፊ ነሽ» ተናደደች፣ በመድረክ መሪው ተናደደች። ከሁሉም በላይ ግን ያንገበገባት፣ ይህ ሁሉ ደርሶባት፣ ይህን ሁሉ ተናግራው፣ ከመንገዱ ጥግ ሳትደርስ ዞራ ጀርባውን መፈለጓ ነበር። ትወደዋለች። እንደ ትናንቱ ትወደዋለች፣ ቅንጣት አልቀነሰም፣ በዚህም ተናዳ መሀል መንገድ ላይ አለቀሰች።